ቁጥር አርባ ሰባት

በረዶው እስኪሟሟ አባቴ፣ በወጥ ቤታችን ጠረጴዛ፣
ካርታ ዘርግቶ ሲያሰምር፣ ቀይ እርሳስ ሲያበዛ፣
«ይሄ ወንዙ፣ ይሄ ድልድዩ፣ ይሄ ቤታችን» እያለ፣
ከፓስቫሊስ ሳይነሳ ፖርቶ ውስጥ ስንቴ ዋለ!

ካርታ ግን ጠፍጣፋ ነው። የኛም አገር እንደሱ፤
ጎረቤት በብስክሌት ብቅ ካለ ከአድማሱ፣
ሻዩ ተጥዶ፣ ፈልቶ፣ ተቀድቶ፣ ይቀዘቅዛል ሳይደርስ እሱ።

ፖርቶ ቆማ ጠበቀችን።
መንገዷ ደረጃ፣ ደረጃዋ የሌላ ደረጃ ወላጅ፤
የሻንጣችን አንድ ጎማ ተነቅሎ ቀረ ከጣቢያው ደጅ፤
ከዚያ ወዲያ በሦስት እግሩ
እያነከሰ፣ በየኮብልስቶኑ ስሞታ ያሰማል ላገሩ።

ታናሼ ዮኩባስ ደረጃ ይቆጥራል፤
ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ይጠፋበትና
«አንድ» ብሎ እንደገና ይጀምራል።
እናቴ ዝም ብላለች።
የእናቴ ዝምታ የተጣደ ወተት ነው፣ ዘወር ሲሉ የሚገነፍል፤
አጠገቧ እሄዳለሁ፣ ዐይኔን ከፊቷ ሳልነቅል።

ቁጥር አርባ ሰባት።
ቁልፍ አለበት የተባለው ሳጥን የለም።
አባቴ በሩን ገፋ፣ አንኳኳ፣ ደግሞ ገፋ፤
ሽርጥ ያሸረጡ አሮጊት ከፈቱ፣ እጃቸው እስከ ክርን የራሰ፤
እኛን አዩ፣ ሻንጣውን አዩ፣ ዐይናቸው አባቴ ላይ ደረሰ፣
እዚያው ቀረ።
አባቴ በረዶ ሲጥል ያጠናት አንዲት ቃል ነበረችው፤
ገና ምንም ሳይሰጡት «ኦብሪጋዱ!» አለ፣ አመሰገነ።
ገለል ብለው አስገቡን።

ሾርባ መጣ፤ አረንጓዴ፣ ጎመኑ እንደ ጸጉር የቀጠነ።
እናቴ ጎመን አብቃይ ናት፤ አንዱን ክር በማንኪያ ጫፍ አንስታ
ለብርሃን አሳየችው፤ ከዚያ ብድግ አለች ሰሃኗን ትታ።
ብዙም ሳይቆይ ሁለት ሴቶች፣ አንድም ቃል ሳይግባቡ፣
ቅጠል እንደ ሲጋራ ጠቅልለው
ይከትፋሉ፣ ይስቃሉ።

አባቴ ብቻ አልተመቸውም። ወደ ጆሮዬ ዝቅ ብሎ፣
«ልብስ ማጠቢያው የታለ? ሁለተኛው መኝታ ቤትስ?
ሴትዮዋስ መቼ ነው የሚሄዱት?»
«ጊንታራስ፣ ብላ!» አለችው እናቴ።

ሴትዮዋ አልሄዱም።
ሶፋው ላይ ዮኩባስ ተኛ፤ የሱፍ ሻላቸውን ደረቡለት።
ከበላዩ፣ ግድግዳው ላይ፣ መርከበኛ ኮፍያ ያደረገ ሰው ፎቶ፤
ፎቶውን ያያሉ፣ አባቴን ያያሉ፣ ደግሞ ፎቶውን፤
እንደ ልብስ ሰፊ በዐይናቸው ይለካሉ።

ሲመሽ ልጃቸው አንሴልሞ ከአውቶቡስ ሾፌርነቱ ተመለሰ።
አራት ባይተዋር። ደነገጠ።
ወረቀታችንን አንብቦ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣
«ይሄ መተላለፊያው ነው፤ የናንተ ጎዳናው፣ ከኋላ፤
ስማቸው አንድ ነው፣ ቁጥሩም» አለ።
አባቴ ካርታውን አወጣ፤ ሁለቱም መንገዶች ጎን ለጎን
በገዛ እጁ ቀይ ተቀብተዋል፣
አንድ ወፍራም መስመር ሆነው።

«ታዲያ እናትህ ለምን አስገቡን?»
ዶና ኤርሜሊንዳ እጃቸውን እያደረቁ መለሱ።
አንሴልሞ ለመተርጎም ጊዜ ወሰደበት፤ ወለሉን እያየ፣
«‹ባሌ ወደ ሰሜን ወደቦች ሃያ ዓመት ተመላለሰ።
አንድ ቀን የሱን ጆሮ የያዘ ሰው፣ ጸጉረ ቢጫ ልጆቹን አስከትሎ
ደጄ ላይ እንደሚቆም አውቅ ነበር።
ሾርባው አይቸግረኝም፤
የምለውን ግን አላዘጋጀሁም› ትላለች።»

ማንም አልሳቀም።
ከዚያ እሳቸው ቀድመው ሳቁ።

ትክክለኛው ቤት ልክ እንደ ፎቶው ነበር፤ ቁልፉ ሳጥኑ ውስጥ፣
ልብስ ማጠቢያው ነጭ፣ መኝታ ቤቱ ሁለት፣
ሽታ የለው፣ ድምፅ የለው።
በዚያን ቀን ወንዙን አላየንም፣ ድልድዩንም።
በጓሮው መስኮት ቁልቁል የሳቸው መብራት ይታያል፤
ሰሃኖቹን ያጥባሉ፣ ስድስቱንም፣ አንድ በአንድ።

ሌሊት ውሃ ልጠጣ ስነሳ
አባቴ መስታወት ፊት ቆሟል፤
ጸጉሩን በሁለት እጁ ወደ ኋላ ገፍቶ
ጆሮውን ያያል።